የአባት ስምና የመዝገብ ሣጥን፦ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የመቶ ሃምሳ ዓመት ጉዳይ

ሚኒያፖሊስ ወይም ሴንት ፖል ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት፣ መድን ሲገባ ወይም ከበጎ አድራጎት ድርጅት አገልግሎት ሲጠይቅ፣ ስሙ የሚቀመጠው የደንበኞችን መዝገብ በሚይዝ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ ሲአርኤም ይሉታል። በዚህ መዝገብ ሰው ብቻውን አይቀመጥም፤ ከቤተሰቡ፣ ከአሠሪው፣ ጉዳዩን ከያዘለት ሠራተኛ ጋር የሚያያዝበት ሣጥን አለው። የሣጥኑ ስም ሉክአፕ ነው፤ ፈልጎ ማያያዣ ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል። ጸሐፊዋ ጥቂት ፊደል ስትጽፍ ሶፍትዌሩ ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ሄዶ የሚመስሉትን መዝገቦች ይደረድርላታል፤ እሷ አንዱን ትመርጣለች፤ ሣጥኑም የዚያን መዝገብ መለያ ይይዛል። አንድ ሣጥን የሚይዘው አንድ መዝገብ ነው። ሁለተኛ መጨመር አይቻልም፤ በሌላኛው ሠንጠረዥ ያልተመዘገበ ነገርም አይገባበትም። ሰው በአንድ ቤተሰብ ስም የሚታወቅ፣ ቤተሰብም በአንድ ስም የሚጠራ ከሆነ ይህ ገደብ አይታይም። የአባቱን ስም አስከትሎ ለሚጠራ ሕዝብ ግን ገደቡ በየቀኑ የሚገጥም ነገር ነው።

ይህ ችግር ከኮምፒውተር ጋር የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። የሁለቱን መንትያ ከተሞች ታሪክ የተመለከተ ግን ከኮምፒውተር በፊት በወረቀት መዝገብ፣ በከተማ ማውጫና በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ ያገኘዋል። መፍትሔ ተብለው የተሞከሩትም በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሰውን ለሣጥኑ ማስተካከል ነው፤ ስሙ ይቆረጣል፣ ይለወጣል፣ ወይም የሌለ ስም ይፈጠርለታል። ሁለተኛው ሣጥኑን እንዳለ ትቶ በሰውና በሰው፣ በስምና በሰው መካከል ድልድይ የሚሆን ሌላ መዝገብ መጨመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ሁለተኛው መንገድ ትክክለኛው እንደሆነ፣ ለዚህም ማስረጃው በእነዚሁ ከተሞች ውስጥ እንደሚገኝ ነው። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከሴዳር ሪቨርሳይድ መጀመር ይገባል። ይህ የሚኒያፖሊስ ሰፈር ዛሬ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች መኖሪያ ሆኖ ይታወቃል፤ አርክቴክት ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸውና በ1973 የተከፈቱት የሪቨርሳይድ ፕላዛ ፎቆች ሶማሌዎችን፣ ኦሮሞዎችንና ሌሎች ኢትዮጵያውያንን አስጠልለዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን እዚያው ሰፈር የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ ስደተኞች መንደር ነበር። ሴዳር ጎዳና ከከንፈራቸው ሥር በሚያኖሩት ትምባሆ ስም ስኑስ ቡሌቫርድ ይባል ነበር፤ የዴንማርክ ተወላጆች በ1886 ያሠሩት ዳኒያ አዳራሽም በ2000 እስኪቃጠል ድረስ ቆሟል። ለእኛ የሚገርመው የስማቸው ሥርዓት ነው። በዚያ ዘመን የስዊድን ገበሬ ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። የአንደርስ ወንድ ልጅ አንደርሶን፣ ሴት ልጁ አንደርስዶተር ትባላለች፤ ትርጉሙ የአንደርስ ልጅ ማለት ነው። ልጁ ዮሐን ቢሆን የልጅ ልጁ ዮሐንሶን ይሆናል እንጂ አንደርሶን አይሆንም። ሚስትም ባሏን አግብታ የአባቷን ስም አትተውም ነበር። ኖርዌያውያን በዚህ ላይ የሚኖሩበትን እርሻ ስም ያክሉ ነበር፤ እርሻ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል። የጎንደር ወይም የሸዋ ሰው ይህን ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በአንድ ሰፈር፣ በመቶ ዓመት ልዩነት፣ በአባት ስም የሚጠሩ ሁለት ሕዝቦች ተቀምጠዋል።

የስካንዲኔቪያውያኑ ስም አሜሪካ ሲደርስ ቆመ። የመሬት መዝገቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ፣ የደመወዝ ዝርዝሩና የሕዝብ ቆጠራው የመጨረሻ ስም ጠየቁ፤ ስለዚህ በመርከብ የመጣው ሰው የአባቱ ስም ለልጆቹም ለልጅ ልጆቹም የቤተሰብ ስም ሆነ። አንደርስዶተር ትባል የነበረች ሴት አንደርሰን ተባለች፤ ሴት ልጅ መሆኗን የሚናገረው ክፍል ጠፋ። ውጤቱ በከተሞቹ ማውጫ ላይ ታየ፤ ጆንሰን፣ አንደርሰን፣ ኦልሰንና ፒተርሰን ገጽ ከገጽ ይሞሉ ጀመር። ማውጫ አዘጋጆቹ መላ ፈለጉ። ከስሙ ቀጥሎ ሥራውንና አድራሻውን ጻፉ፤ አንዱ አንድሩ ጆንሰን የቀን ሠራተኛ፣ ሌላው አናጢ፣ ሦስተኛው ነጂ እየተባለ ተለየ። ይህ ብልህ መላ ነበር፤ ስም ብቻውን ሰውን እንደማያገኝ ማመን ነውና። ነገር ግን ሥራና ቤት ይለወጣሉ፤ ፖስታም ለተሳሳተ ሰው ይደርሳል። ከ1909 እስከ 1915 የሚኒሶታ ገዥ የነበረው ስዊድን የተወለደው አዶልፍ ኦልሰን፣ በሚኖርበት አካባቢ ስመ ሞክሼዎች ስለበዙበት ኤበርሃርት የሚል ስም ጨምሮ አዶልፍ ኦልሰን ኤበርሃርት ሆነ። በኋላ የክፍለ ግዛት መሪ የሆነ ሰው መዝገብ እንዳያሳስተው ብሎ ስሙን መለወጡ፣ የመጀመሪያው መንገድ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያሳያል። የሣጥኑን ጉድለት ሰውየው በራሱ ስም ከፈለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ፦ ታዲያ ምን ጎዳቸው? ጆንሰኖችና አንደርሰኖች በለጸጉ፣ ገዥና ዳኛ ሆኑ፤ ኢትዮጵያውያንም እንደነሱ አንድ የቤተሰብ ስም ይዘው ቢገላገሉ ምን አለበት? ጥያቄው ቀላል መልስ የለውም። ማንም በፈቃዱ የቤተሰብ ስም ቢይዝ መብቱ ነው፤ ብዙዎችም ይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም። የስካንዲኔቪያ ልማድ አሜሪካ ውስጥ ሲቆም በአገር ቤትም እየቆመ ነበር፤ ስዊድን በ1901 የቤተሰብ ስም ደንብ አወጣች፣ ኖርዌይ በ1923 እያንዳንዱ ቤተሰብ ቋሚ ስም እንዲይዝ በሕግ አዘዘች። ስደተኛው ከአገሩ ጋር አብሮ ተለወጠ። የእኛ ታሪክ ተቃራኒ ነው። በ1952 ዓ.ም. (1960) የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ ከስልሳ ዓመት በላይ አልፎም ሰው በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። መንግሥት በሕግ ሊያስለውጠው ያልቻለውን ልማድ የውጭ አገር ፎርም በሣጥን ሊያስለውጠው መሞከር ተገቢ አይደለም። ዘመናዊ አስተዳደር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል የሚለውም ትክክል አይደለም፤ አይስላንድ እስከ ዛሬ በአባት ስም ትጠራለች፣ የስልክ ማውጫዋም ሲደረደር የኖረው በመጀመሪያ ስም ነው፤ ባንኮቿም ሆስፒታሎቿም ይሠራሉ።

አሁን ሣጥኑን ቀረብ ብለን እንየው። ለምሳሌ የሚሆን አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አባት አበበ ከበደ፣ እናት አልማዝ ተሰማ፣ ልጅ ሰላም አበበ፣ አብራቸው የምትኖረው የአበበ እናት ወይዘሮ በላይነሽ ወልዴ። አራት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፤ የመጨረሻ ስም የሚባለው ሣጥን ግን ከበደ፣ ተሰማ፣ አበበ፣ ወልዴ የሚሉ አራት የማይገናኙ ስሞች ይይዛል። በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው ሴልስፎርስ፣ ብዙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚጠቀሙበት፣ የሰው መዝገብ ያለ መጨረሻ ስም አይቀበልም፤ የመጀመሪያው ስም ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ሰው ማለት የመጀመሪያ ስሙ ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተዘጋጀው ጥቅሉ ደግሞ የቤተሰብን መዝገብ ስያሜ ከመጨረሻ ስም ይሠራል። ስለዚህ እናትየዋ ደውላ ስለ ልጇ ስትጠይቅ ጸሐፊዋ ተሰማ ብላ ትፈልጋለች፣ ሰላም አበበ አትወጣም። ልጅቱ አድጋ ራሷ ስትደውል አበበ ተብላ ትፈለጋለች፤ ያን ጊዜ የሚወጣው አባታቸው አበበ የሚባል የብዙ ሰዎች ዝርዝር ነው። በዚህ ላይ ቪዛና ፓስፖርት ይጨመራሉ። በአንዱ ሰነድ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም የመጨረሻ ስም ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል። ጥምር ስሞችም አሉ፦ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል። ፎርሙ ለሁለት ይሰነጥቃቸዋል፤ ገብረ የመጀመሪያ፣ ሥላሴ የመጨረሻ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱን ኃይለ ሥላሴን ሳይቀር ሥላሴ በሚል የቤተሰብ ስም የመዘገበ ማውጫ አለ። ሥላሴ ግን የማንም ቤተሰብ ስም አይደለም።

ቢሮዎች ይህን ለማለፍ የሚጠቀሙባቸው መላዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም የመጀመሪያውን መንገድ ይከተላሉ። አንደኛው መላ ለቤተሰቡ ሁሉ የአባትየውን የመጨረሻ ስም መስጠት ነው፤ አልማዝ ተሰማ አልማዝ ከበደ ትባላለች። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ አልማዝን የባሏ እኅት ያደርጋታል፤ ከበደ አማቷ እንጂ አባቷ አይደለም። ወደ መታወቂያዋና ወደ ዲፕሎማዋ ሲመጣ ደግሞ ስሙ አይገጥምም። ሁለተኛው መላ ስሞችን ሁሉ በአንድ ሣጥን ማጨቅ ነው፤ ሦስት ስም በአንድ መስመር ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ፍለጋ በትክክል አይገኝም። ሦስተኛው የማይታወቅ ስም የሚል ምሕጻረ ቃል መሙላት ነው፤ የታወቀ ስም ያለው ሰው ስም አልባ ሆኖ ይመዘገባል። አራተኛው ዝምድናውን በማስታወሻ ሣጥን መጻፍ ነው፤ እናቷ አልማዝ ናት የሚል ዐረፍተ ነገር ሰው ያነበዋል፣ ሶፍትዌሩ ግን ሊያያይዘው አይችልም፣ የጻፈችው ሠራተኛ ስትለቅም ተረስቶ ይቀራል። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ከ1975 በኋላ ወደ ሴንት ፖል የመጡት የሕሞንግ ሰዎች በዐሥራ ስምንት ያህል የጎሳ ስሞች ይጠራሉ፤ ቫንግ ወይም ያንግ ብሎ የፈለገ እልፍ ሰው ያገኛል። የእኛ ስም አንድን ቤተሰብ ይበትናል፣ የእነሱ ስም የማይዛመዱ ቤተሰቦችን ይሰበስባል። ሁለቱም የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ የመጨረሻ ስም ዝምድናን እንዲሸከም መደረግ አልነበረበትም።

ሁለተኛው መንገድ፣ የድልድዩ መንገድ፣ በዚያው በሴንት ፖል አድጓል። ጆን ዌስት የሚባል የመጻሕፍት ነጋዴ ከወንድሙ ጋር በ1876 የሚኒሶታን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች የያዘች ስምንት ገጽ ያላት ሳምንታዊ ጽሑፍ ማሳተም ጀመረ። ከእሷ የአገሪቱን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያካትት የሕትመት ድርጅት ወጣ። ውሳኔዎቹ ሲበዙ ጠበቃ የሚፈልገውን ማግኘት አልቻለም፤ አንድ ፍርድ ስለ ውል ነው ተብሎ በአንድ መደብ ቢገባ፣ በውስጡ ስለ ማስረጃና ስለ ይርጋ የተባለው ይጠፋል። የዌስት ድርጅት ያገኘው መፍትሔ ፍርዱን በአንድ መደብ ማስገባትን መተው ነበር። አዘጋጆቹ ፍርዱን አንብበው በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን የሕግ ነጥብ በአጭር አንቀጽ ይጽፋሉ፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽም ከርዕሱ ጋር የቁልፍ ቁጥር ይሰጡታል፤ ያ አንቀጽ በቁጥሩ ሥር በማውጫው ይታተማል። ዐሥር ነጥብ ያለው ፍርድ በዐሥር ቦታ ይገኛል፣ ፍርዱ ግን አንድ ነው። አጭሩ አንቀጽ በፍርዱና በመደቡ መካከል የቆመ ድልድይ ነው፤ አንዱ ጫፉ ወደ አንድ ፍርድ፣ ሌላው ጫፉ ወደ አንድ ቁጥር ያመለክታል። የዛሬ የሶፍትዌር ባለሙያ የሚሠራው የማገናኛ ሠንጠረዥ ከዚህ በመዋቅር አይለይም። ይህ ሥርዓት ፍጹም አልነበረም። መሥራቹ ራሱ በ1899 ድርጅቱን ከለቀቀ በኋላ የምደባውን ግትርነት በይፋ ተችቷል፤ በ1989 ሪቻርድ ዴልጋዶና ጂን ስቴፋንሲክ ደግሞ የተዘጋጀ መደብ አዲስ ሐሳብን እንደሚያሳጣ በስታንፎርድ የሕግ መጽሔት ጽፈዋል። ትችታቸው ልክ ነው፤ ድልድዩ የሚያመለክትበት ዝርዝር ካልታደሰ ድልድዩ ብቻውን አያድንም።

ዝርዝሩን የማደስ ትግልም የተካሄደው እዚሁ ነው። ሳንፎርድ በርማን ከ1973 እስከ 1999 በሚኒያፖሊስ አካባቢ በሄነፒን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት የካታሎግ ኃላፊ ነበር። ከዚያ በፊት ዛምቢያ ሲሠራ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለጥቁር አፍሪካውያን ይጠቀምበት የነበረው ካፊር የሚል አርእስት በአካባቢው ሰው ዘንድ ስድብ መሆኑን ተገነዘበ። ያ አርእስት በዝርዝሩ ስላለ ብቻ በዓለም ያሉ ቤተ መጻሕፍት ይጽፉት ነበር፤ ልክ ጸሐፊዋ ከተሰጣት ዝርዝር ውጭ መምረጥ እንደማትችለው ማለት ነው። በርማን በ1971 ስለዚህ ጉዳይ መጽሐፍ አወጣ፤ ሄነፒን ሲደርስ ደግሞ ሰው በሚናገርበት ቃል አዳዲስ አርእስት እየከፈተ፣ አሮጌውን ወደ አዲሱ በሚመራ ይመልከቱ በሚል ካርድ አያያዘ። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍቱም ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹን አርእስት ለወጠ። ይመልከቱ የምትለዋ ካርድ ትንሽ ነገር ትመስላለች። በእሷ ውስጥ ያለው ሐሳብ ግን ትልቅ ነው፦ አንድ ነገር ብዙ ስም ሊኖረው ይችላል፣ ስሞቹ ሁሉ ወደ አንዱ መዝገብ ይምሩ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለኢትዮጵያውያን ደራሲያን ይህንኑ አድርገዋል። ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኢትዮጵያዊውን ደራሲ በመጀመሪያ ስሙ ይመዘግበዋል፤ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ሰዎቻችንን የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን የሚፈልግ ሐዲስ ይላል፤ ዓለማየሁ ብሎ የሚመጣውም በመሪ ካርዱ ይደርሳል። ደራሲው ስሙን እንዲለውጥ ማንም አልጠየቀም።

ኮምፒውተሩ ይህን ትምህርት ተቀብሎ ነበር። የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ዳታ በሠንጠረዥ እንዲደራጅ፣ በእያንዳንዱ ቦታም አንድ ዋጋ ብቻ እንዲቀመጥ መሠረት ጣለ። ስለዚህ የሉክአፕ ሣጥን አንድ መዝገብ ብቻ መያዙ ስንፍና አይደለም፤ ሥርዓቱን ንጹሕ አድርጎ የሚያቆየው ሕግ ነው። የኮድ ሕግ ብዙ ለብዙ የሆነ ግንኙነት ሲመጣ ምን እንደሚደረግም መልስ አለው፤ ሦስተኛ ሠንጠረዥ ይከፈታል። በአበበ ቤተሰብ ላይ እንሞክረው። ዝምድና የሚባል ሠንጠረዥ ይከፈት፤ በእያንዳንዱ መስመር ሁለት የሉክአፕ ሣጥኖችና አንድ ዓይነት የሚገልጽ ቃል ይኑር። አልማዝ ተሰማ፣ ሰላም አበበ፣ እናት፤ ይህ አንድ መስመር ነው። በላይነሽ ወልዴ፣ ሰላም አበበ፣ አያት፤ ይህ ሌላ መስመር ነው። ማን ልጅቱን ከትምህርት ቤት መውሰድ እንደሚችል፣ ማን ደብዳቤ እንደሚደርሰው በዚያው መስመር ይጻፋል። እያንዳንዱ ሣጥን አሁንም አንድ መዝገብ ብቻ ይይዛል፤ መስመሮቹ ግን የፈለገውን ያህል ይሆናሉ። ስም የሚባል ሌላ ሠንጠረዥም ይጨመር፦ በፓስፖርት የተጻፈው፣ ሰው የሚጠራበት፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈው፣ በአሮጌው ሰነድ የተሳሳተው፤ ሁሉም በየመስመሩ ወደ አንዱ ሰው ያመልክቱ። ተሰማ ብላ የፈለገች ጸሐፊ አልማዝን ታገኛለች፣ ከአልማዝም በአንድ ጠቅታ ሰላም ጋር ትደርሳለች። የመጨረሻ ስም የግድ የሚሞላ ከሆነ የአባት ስም ይሞላበት፤ ቤተሰብን የማገናኘት ሥራ ግን ከእሱ ላይ ይነሣ። የቤተሰቡ መዝገብም ከመጨረሻ ስም በራሱ እንዲሰየም ከመተው ቤተሰቡ የመረጠውን ስያሜ ይያዝ።

በዚህ አሠራር ላይ የሚቀርቡት መከራከሪያዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ቁጥር ይበቃል የሚለው ነው፤ እያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር ካለው ስሙ ምን ያደርጋል? ቁጥር ለማሽኑ ይበቃል። ስልክ የደወለች እናት ግን የልጇን የመዝገብ ቁጥር አታውቅም፤ የምታውቀው ስሟን ነው። የድንገተኛ ክፍል ነርስም የምትጠይቀው ስም ነው። ሁለተኛው፣ የፊደል አጻጻፍን የሚያቻችል ፍለጋ ይበቃል የሚለው ነው። ለዚህ የድሮው ሳውንዴክስ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በ1918 የፈጠራ መብት የተሰጠው፣ በ1930ዎቹም ለአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች ማውጫ ለማዘጋጀት ያገለገለ ዘዴ ነው። የመጀመሪያውን ፊደል ጠብቆ የቀሩትን ድምፆች በቁጥር ይመነዝራል። ጆንሰን፣ ዮንሶንና ዮሐንሰን፣ በላቲን ሦስቱም በጄ ስለሚጀምሩ፣ አንድ ኮድ ያገኛሉ፤ ጄ525። ለስካንዲኔቪያውያኑ ስም ተስማሚ ነበር። ከበደ የሚለውም በኢም በኤም አናባቢ ቢጻፍ ኬይ130 ነው። ቀለመወርቅ ግን አንዱ ጸሐፊ በኪው፣ ሌላው በኬይ ከጀመረው ኪው456 እና ኬይ456 ይሆንና ይለያያል። ፀሐይም ቲ ሲቀድመውና ሳይቀድመው ሁለት ሰው ነው። የተሻሻሉ ዘዴዎች መጥተዋል፤ የትኛውም ዘዴ ግን አልማዝ ተሰማና ሰላም አበበ እናትና ልጅ መሆናቸውን ከድምፅ ሊያውቅ አይችልም። ዝምድና ካልተጻፈ አይፈለግም። ሦስተኛው መከራከሪያ የሥራ ብዛት ነው፤ አንድ ሣጥን ከመሙላት ሁለት ሦስት መስመር መጻፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ያልሠለጠነ ሠራተኛም ይሳሳታል። ይህ እውነት ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ነገር ግን ጊዜው በሌላው መንገድም ይጠፋል፤ ልዩነቱ የሚጠፋው ከማን ነው የሚለው ነው። ሁለቴ የተመዘገበን ሰው መዝገብ ማዋሐድ፣ ያልደረሰ ደብዳቤ መላክ፣ በዲፕሎማና በመታወቂያ መካከል ያለውን የስም ልዩነት በመሐላ ማስረዳት ሁሉም ሥራ ነው። የመጀመሪያው መንገድ ይህን ሥራ ከቢሮው ላይ አንሥቶ በስደተኛው ትከሻ ላይ ያስቀምጠዋል። አዶልፍ ኦልሰን የተሸከመው ይህን ነበር።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው። የሣጥኑ ገደብ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ጥፋቱ ገደቡን ለማለፍ የሰውን ስም መቁረጥ ነው። የሴንት ፖል የሕግ አሳታሚዎች ፍርድን በአንድ መደብ አላሰሩም፤ የሄነፒን ካታሎግ ሠራተኞች አዲስ ቃል ሲመጣ መሪ ካርድ ጨመሩ። በእነዚህ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይ በሶፍትዌር ሙያ፣ በክሊኒክና በማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ የምትሠሩ፣ ይህን ታሪክ የመጠቀም ዕድል አላችሁ። አዲስ ሥርዓት ሲተከል በጠረጴዛው ዙሪያ ስትቀመጡ የዝምድና ሠንጠረዥ፣ የስም ሠንጠረዥ ይኑር ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቁ የሚቀለው መዝገቡ ገና ባዶ ሳለ ነው። ፎርም የምትሞሉ ወላጆችም የአባታችሁን ስም በሰነዶቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ፤ የልጃችሁ ስም ከእናንተ የሚለየው ለምን እንደሆነ ለጸሐፊዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ንገሯት፤ ዝምድናው የሚጻፍበት ቦታ እንዳለም ጠይቋት። ሰላም አበበ የአልማዝ ተሰማ ልጅ ናት። መዝገቡ ይህን መያዝ ይችላል።